ሲኒው ከሰው ሲበልጥ፦ አስፈሪ አጭር ፊልም በጣና ዳር

ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከባለቤቱ ከሎታ ሎስተን ጋር ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ሠራ። ርእሱ «ላይትስ አውት» ነው። አንዲት ሴት ልትተኛ ስትል የኮሪደሩን መብራት ታጠፋለች፤ ጨለማው ውስጥ የሰው ቅርጽ ቆሟል። ታበራለች፤ ማንም የለም። ታጠፋለች፤ እዚያው ነው። አብርታ አጥፍታ፣ አብርታ አጥፍታ፣ በመጨረሻ ቅርጹ አጠገቧ ይደርሳል። ፊልሙ የተሠራው ለአንድ የአጭር አስፈሪ ፊልም ውድድር ነበር። በኢንተርኔት ሲዛመት ሆሊውድ ደረሰ። በ2016 ያው ሳንድበርግ በ4.9 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም አድርጎ ሠራው፤ 148 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ።

ባሕር ዳር ላይ በስልኩ አስፈሪ አጭር ፊልም ሊሠራ ለሚነሣ ልጅ ከዚህ ውስጥ የሚጠቅመው የገንዘቡ መጠን አይደለም። ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ምን እንደተሻገረ ማየት ነው። የተሻገረው አንድ ሕግ ነው፦ ሲጠፋ ይመጣል፣ ሲበራ ይሄዳል። ተመልካቹ ይህን ማንም ሳያስረዳው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ እጇን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው በላከች ቁጥር የሚጨነቀው እሱ ነው። ሕግ የሌለው አጭር ፊልም የሚቀረው ድንገተኛ ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸት ደግሞ አንዴ ያስደነግጥና ያልቃል። ጸጉሯን ፊቷ ላይ የለቀቀች ነጭ ለባሽ ሴት በየፊልሙ የምትመላለሰውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሕግ ሲጠፋ መልክ ይበደራል።

ሌሎቹም አጫጭር ፊልሞች አንድ አንድ ነገር አሻግረዋል፤ ያሻገሩት ግን ለየቅል ነው። ሳም ሬይሚ «ዊዝኢን ዘ ዉድስ»ን በ1978 ሲቀርጽ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር። በሱፐር 8 ካሜራ የተቀረጸ፣ ግማሽ ሰዓት የሚሆን፣ 1,600 ዶላር ገደማ የፈጀ ፊልም ነው። የተሠራው ለማሳያ ነበር፤ ሬይሚና ጓደኞቹ እሱን እያሳዩ በአካባቢያቸው ካሉ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1981 «ዘ ኢቪል ዴድ» ወጣ። እዚያ የተሻገረው የካሜራው አካሄድ ነው። ክፉው መንፈስ አካል የለውም፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በዛፎች መካከል የሚከንፈው ካሜራ ራሱ ነው። ለመንፈሱ አልባሳት የለ፣ ሜካፕ የለ፣ ተዋናይ የለ።

ጄምስ ዋንና ሊ ዋኔል ደግሞ የሙሉው ፊልም ስክሪፕት አስቀድሞ በእጃቸው ነበር። ከዚያ ውስጥ አንድ ትዕይንት መርጠው በ2003 አውስትራሊያ ውስጥ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚሆን አጭር ፊልም አደረጉት፤ መንጋጋ የሚፈለቅቅ የብረት ወጥመድ ራሱ ላይ የታሰረበት ሰው። ይህን ያየ ፕሮዲዩሰር «ቀሪውስ?» ሲል ቀሪው ተጽፎ አልቋል። «ሶው» በ18 ቀን ቀረጻ፣ በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በ2004 ወጣ፤ ገቢው ከ100 ሚሊዮን አለፈ። አንዲ ሙስኬቲ በ2008 የሠራው «ማማ» ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሁለት ሕፃናት፣ አንድ ቤት፣ ሳይቆረጥ የሚከተላቸው ካሜራ። በ2013 በጊዬርሞ ዴል ቶሮ ድጋፍ ረጅም ፊልም ሆነ።

ከሁሉም በላይ መጠናት ያለበት ግን የጄኒፈር ኬንት ሥራ ነው። በ2005 «ሞንስተር» የተባለ ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ሠራች፤ አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ነገር። በ2014 «ዘ ባባዱክ» ሆኖ ሲያድግ አዲስ ጭራቅ አልተጨመረበትም፤ የእናቲቱ ሐዘን ነው የጠለቀው። የ«ላይትስ አውት» ረጅሙ ፊልም ፍጥረቲቱ ከየት እንደመጣች ለማስረዳት ብዙ ደቂቃ ያጠፋል፤ ባስረዳ ቁጥር ፍርሃቱ ይቀንሳል። ኬንት ምንም አታስረዳም፤ ሰዎቹን ታሳየናለች። አጭር ፊልም ስትጽፉ «ይህ ቢረዝም የሚረዝመው ታሪኩ ነው ወይስ ሰዎቹ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሰዎቹ ከሆነ መንገዱ ቀና ነው።

ሕጉን ከቤት መውሰድ

መብራት መሄድ ለባሕር ዳር ሰው የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ «ላይትስ አውት»ን እንዳለ መቅዳት አይሠራም፤ ተመልካቹ ሻማ ለመፈለግ እንጂ ለመፍራት አይነሣም። መብራት ሲመጣ የሚታይ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ በሚደሰትባት ቅጽበት። ይህም አንድ ሕግ ነው።

እዚህ ዘርዘር አድርጌ የማሳየው ግን ሌላ ነው። ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት ክፍል ያለው ድርሰት ሳይጻፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሕጉ ይህ ነው፦ ረከቦቱ ላይ ያለው ሲኒ ሁልጊዜ ከሰዉ በአንድ ይበልጣል።

በአቦል እናትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ ሲኒው ሦስት። «እማዬ፣ ሰው ልንጠብቅ ነው እንዴ?» ትላለች ልጅቱ። እናት ሲኒዋን አይታ ዝም ትላለች። በቶና ጎረቤት እትዬ ትገባለች፤ ሰው ሦስት፣ ሲኒ አራት። ያቺ ማንም ያልነካት ሲኒ ተጠጥታ አተላዋ ብቻ ቀርቷል። አሁን ተመልካቹ ሕጉን ይዟል። በበረካ እትዬ ሄዳለች፤ እናትና ልጅ ብቻ ቀርተዋል፤ ሲኒው ሦስት መሆን አለበት። ካሜራው ወደ ረከቦቱ ሲመለስ ሁለት ነው። ልጅቱ ትቆጥራለች። ደግማ ትቆጥራለች። ቀስ ብላ ቀና ትልና እናቷን ታያለች። እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ይህ ሦስት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ ከ14 እስከ 16 ሾት የሚፈጅ የሦስት ደቂቃ ፊልም ነው። የሚቆመው ወይም የሚወድቀው ተመልካቹ ሲኒ መቁጠር በመቻሉ ላይ ስለሆነ የሲኒው ሾት ከሌላው ሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲኒዎቹ አንድ ዓይነት፣ ነጭ፣ አበባ የሌለባቸው ይሁኑ። በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ጀበናው ከፍሬም ውጭ ይቀመጥ፤ አንዷን እንኳ ከጋረደ ቆጠራው ተበላሸ። ስልኩን በሁለት ወንበር መካከል በተጋደመ ጣውላ ላይ አስራችሁ ከረከቦቱ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁልቁል ቅረጹ፤ ሦስቱም ጊዜ ከፍታውና ፍሬሙ ያው ይሁን። የወንበሮቹን እግርና የረከቦቱን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ኤዲት ስታደርጉ እያንዳንዱ የሲኒ ሾት ከአራት ሰከንድ አይነስ። ኤዲተሩ ቁጥሩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አንድ ሰከንድ ተኩል ይበቃል ብሎ ይቆርጠዋል፤ አዲስ ተመልካች ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አይቆጥርም፣ ሕጉም ያመልጠዋል። ፊልሙን ያላየ ሰው አምጡና ከቶናው ሾት በኋላ አቁማችሁ «ስንት ሲኒ ነበር?» በሉት። ካልመለሰ ሾቱን አስረዝሙ።

የእናቲቱ አቀራረጽ ላይ ከአካባቢያችን ሥዕል የሚወሰድ ነገር አለ። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ በሌሎች የጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን እያየ ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። እናቲቱን በአቦል ፊት ለፊት ቅረጿት፤ በቶና ሦስት አራተኛ ፊቷን፤ በበረካ ሙሉ ለሙሉ በጎን፣ አንድ ዓይኗ ብቻ እየታየ። ማንም ምክንያቱን አይናገርም፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር እንደተለወጠ ይሰማዋል። ውጭ አገር ከተሠራ ፊልም የማይገኝ የካሜራ ሰዋስው ነው ይህ፤ እኛው ጋ ተቀምጦ ሳለ አለመጠቀም ያሳዝነኛል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ክፍሉን ለማጨለም መስኮቱን በጨርቅ ትዘጋላችሁ፤ ቡና ስለሆነ ከሰል ይነዳል፤ ቀረጻው ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ብዙው ሰው ድካም ይመስለዋል። ስለዚህ ከሰሉ አይንደድ። ምድጃው ውስጥ ያልነደደ ከሰል ደርድራችሁ ሥሩ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ኤልኢዲ አስቀምጡ፤ ላዩን በብርቱካናማ የከረሜላ ላስቲክ ሸፍኑት። አንድ ሰው ከፍሬም ውጭ ሆኖ እጁን በመብራቱ ፊት ቀስ እያለ ቢያወዛውዝ ፍሙ የሚተነፍስ ይመስላል። እውነተኛው ቡና ደጅ ይፈላና ይግባ። እንፋሎቱ በካሜራ የሚታየው ከበስተኋላው ብርሃን፣ ከብርሃኑ ኋላ ደግሞ ጨለማ ሲኖር ብቻ ነው። ቄጤማውን ቀረጻው በሚጀመርበት ጠዋት ጎዝጉዙ፤ ማግስቱን ከደረሰ ይደርቃል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ አቦልና በረካ በሁለት ቀን መቀረጻቸው ይታወቅባችኋል።

መብራትና ስልክ

ጨለማን የሚያበላሸው ብርሃን ማነስ ነው። የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ብርሃን ሲያጣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ይሰቅለዋል፤ ጥቁር መሆን የነበረበት ግድግዳ በሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይሞላል። መፍትሔው አንድ ቦታ ላይ በደንብ ማብራትና ሌላውን መተው ነው። አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በተዋናይዋ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላዋ ይሁን፤ ከፊቱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አቡጀዲ ዘርጉ፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ከፊቷ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጠቁራል። የጠቆረው በጣም ከጠፋ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፎይል በዚያ በኩል አቁሙ። እንዲህ ሲሆን አይኤስኦን ከ400 ሳታሳልፉ መቅረጽ ትችላላችሁ።

የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ስልኩ በራሱ ፈቃድ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ካደረገው ምስሉ ላይ ወደ ላይ የሚንሸራተት ጥላ ይመጣል፤ ኤዲት ላይ ማጥፋቱ አድካሚ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 አድርጉ። አፕሊኬሽኑ 25 ከሌለው 30 ፍሬም ይሁንና ሻተሩ 1/50 ወይም 1/100 ይሁን፤ ጥላው ይጠፋል። ፎከሱን፣ ኤክስፖዠሩን (የምስሉን ድምቀት)፣ የነጭ ሚዛኑንም (የቀለሙን ቅንብር) ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ ተዋናይዋ እጇን ባነሣች ቁጥር ጀርባው ይደምቃል ይደበዝዛል። ኮረንቲው ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ በፓወር ባንክ የሚሠራ መብራት ይሻላል።

በጨለማ የሚመጣ፣ በብርሃን የሚጠፋ ቅርጽ ለሚፈልግ ሰው ዘዴው ፍሬሙን ለሁለት መክፈል ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይታሰር፤ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይንጠልጠልበት። መጀመሪያ ባዶውን ኮሪደር ከተዋናይዋ ጋር ቅረጹ፤ ከዚያ ካሜራው ሳይነካ ቅርጹን ብቻ ቅረጹ፤ ኤዲት ላይ ማስክ አድርጋችሁ (የአንዱን ምስል ግማሽ ሸፍናችሁ) ግራውን ከአንዱ ቀኙን ከሌላው ውሰዱ። መገናኛው የበር መቃን ወይም የግድግዳ ጠርዝ ላይ ይውደቅ፤ ጠርዙ በትንሹ ይለስልስ። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፦ ሪከርድ ለማድረግ ስልኩን በጣት መንካት፤ እና የተዋናይዋ ጥላ መገናኛውን ማቋረጥ። ለመጀመሪያው ቀረጻውን ከመጀመሪያ አስጀምራችሁ እስከ መጨረሻ አታቁሙት፤ ለሁለተኛው መብራቱን ወደ ካሜራው ጎን አምጡት።

ውኃው ዳር

የጣና ምሽት አጭር ነው። ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለቀረጻ የሚበቃ ብርሃን የሚይዘው 20 ደቂቃ ግድም ነው። በአንድ ምሽት አንድ ሾት ብቻ አቅዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተለማመዱና ቦታ ያዙ። ከተማዋ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች ወደ ውኃው ስትዞሩ መጥለቂያው በግራችሁ ነው፤ ተዋናይዋን ውኃውን ከኋላዋ አድርጋችሁ ብታቆሟት የፊቷ አንድ ጎን ብቻ ይበራል። በጨለማ ከመቅረጽ ይልቅ በዚያች 20 ደቂቃ ቀርጻችሁ ኤክስፖዠሩን አንድ ደረጃ ዝቅ፣ ቀለሙን ትንሽ ወደ ሰማያዊ ማድረግ ሌሊት ያስመስላል። የመንገድ መብራትና የሆቴል አምፖል ግን ፍሬም ውስጥ አይግባ።

የሬይሚ ዓይነት የሚከንፍ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሜትር የሚሆን ጣውላ ይበቃዋል። ስልኩ መካከሉ ላይ በላስቲክ ይታሰር፤ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ይሩጥ። የእጅ ንቅናቄ ከካሜራው በራቀ ቁጥር ካሜራው ላይ የሚደርሰው መወዛወዝ ይለዝባል፤ ረጅሙ ጣውላም ቶሎ አይዞርም። ሰፊውን ሌንስ ተጠቀሙ፤ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል። የዘጌ የቡና ጫካ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጥላው ወፍራም፣ መንገዱ ጠባብ ነው። የዛፍ ሥሮቹን ግን አስቀድማችሁ ተመላልሳችሁ እዩ፤ ከፊት የሚሮጠው ሰው ካሜራውን እንጂ መሬቱን አያይም። ገዳማቱ ግቢ ውስጥ አይቀረጽም፤ የካህን ልብስና መስቀልም የፊልም ዕቃ አይሁን።

በታንኳ ላይ ያለ ካሜራ ከሁሉ ይበልጣል። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ፣ ውኃውን ተጠግቶ የሚሄድ፣ ሞተር የሌለው ነው፤ ወደ ዳር በቀስታ ሲጠጋ የሚሰማው ውኃው ብቻ ነው። «ዘ ኢቪል ዴድ»ም የሚጀምረው በውኃ ላይ በሚንሸራተት ካሜራ ነው። ጠዋት ማለዳ ቅረጹ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ሞገዱ ምስሉን ይንጠዋል። በእያንዳንዱ ቀዘፋ የታንኳዋ አፍንጫ ዝቅ ስለሚል ባለታንኳው ሦስት አራት ጊዜ በኃይል ይቅዘፍና መቅዘፊያውን ያንሣ፤ የምትጠቀሙበት እሱ ካነሣ በኋላ ያለውን ነው። በ50 ፍሬም ቀርጻችሁ ወደ 25 ብታዘገዩት የቀረው ንዝረት ይለሰልሳል። ላይፍ ጃኬት ያለ ክርክር ይለበስ።

ተዋናይን ዳሩ ላይ ውኃ ውስጥ ማስተኛት ግን ይቅር። ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። ከውኃ የምትወጣ እጅ ወይም ውኃ ውስጥ ያለ ፊት በትልቅ ሳፋ ይሠራል። ሳፋውን በጥቁር ፌስታል አልብሱ፤ የቧንቧ ውኃ ሙሉት፤ ሁለት ሦስት የደንገል ዘንግና የረገፈ ቅጠል ጣሉበት። ብርሃኑ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ይምጣ። ካሜራው ጠርዙን እስካላየ ድረስ ጣና ነው።

ደምና ልጋግ

ደም፦ ሁለት ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውኃ እስኪወፍር ይፍላ፤ ሲቀዘቅዝ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮኮዋ። ኮኮዋው ካልገባ በኤልኢዲ ብርሃን ሮዝ ሆኖ ይታያል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። የቀይ ሥር ጭማቂ አትጠቀሙ፤ በካሜራ ሐምራዊ ነው። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ቸኮሌት ሽሮፕ ይበቃል፤ ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የወጣውን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ሲሠራ የተጠቀመው እሱን ነው። ስኳር ስለሆነ ውኃ ዳር ዝንብ ይሰበስባል፤ ከሾቱ በፊት ቀቡ፣ ወዲያው አጥቡ።

ለልጋግ የውጭ ባለሙያዎች ሜቲል ሴሉሎስ የሚባል ዱቄት ይገዛሉ። እኛ ተልባ አለን። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃ ለ10 ደቂቃ ይፍላ፤ ትኩስ ሳለ በቀጭን ጨርቅ ይጠለል። ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቁ አያልፍም። ከአፍ ሲወጣ የሚሳብ፣ የማይበጠስ፣ ቢዋጥም የማይጎዳ ፈሳሽ ነው። ማግስቱን ስለሚሸት የዕለቱን ዕለት አዘጋጁ።

ድምፅ

ምስሉ ደካማ ሆኖ ድምፁ ጥሩ ከሆነ ሰው ይፈራል፤ በተቃራኒው ከሆነ ይስቃል። ሁለተኛ ስልክ የድምፅ መቅጃ ይሁን፤ ማይኩ በተዋናይዋ ቀሚስ ደረት ላይ ይጣበቅ፤ ነጠላው እንዳይፈትገው ወደ ሌላው ትከሻ ይጣል። ሁለቱም መቅረጽ ሲጀምሩ አንዴ ይጨብጨብ፤ ኤዲት ላይ የሚያገናኛችሁ ያ ነው። ፍሪጁን ንቀሉ፤ የቤቱን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡ፣ ስትወጡ መሰካቱን ያስታውሳችኋል። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ በንግግሮች መካከል የሚሞላው እሱ ነው። የቀረጻውን ቀን ስትቆርጡ የወሩን በዓላት ቁጠሩ፤ በ12፣ በ19፣ በ21 እና በ23 ዋዜማ ከደብሩ ድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ማኅሌት ማንም አያስቆመውም፣ ማስቆምም አይገባም።

የአጥንት ስብራት የሚሆነው ሸንኮራ አገዳ ነው፤ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ማይኩ አጠገብ ስበሩት። ደረቅ ደንገል ቀስ ብሎ ሲጠመዘዝ የታንኳ ሲጢጥታ ይሰጣል፤ እንደ በርም ያገለግላል። በቡናው ፊልም ዋናው ድምፅ ሲኒ ከሲኒ ሲነካ ነው። ለብቻው ቅረጹት፤ በመጨረሻው ሾት ማንም ሲኒ ሳይነካ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማ።

ስለ ቡዳ አንድ ነገር መባል አለበት። ቡዳ፣ ዛር፣ ጋኔን ለአስፈሪ ፊልም ቅርብ ናቸው፤ ቡዳን ግን ከሸክላ ሠሪ፣ ከቀጥቃጭ ወይም ከቆዳ ፋቂ ጋር አያይዞ መጻፍ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ይጎዳል። በጣና ዙሪያ ደግሞ ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ታንኳዋን ለፊልም ተከራይቶ ሠሪዋን ጭራቅ አድርጎ ማሳየት ነውር ነው። ፍርሃቱ ከገዛ ቤታችን፣ ከገዛ እናታችን ሲመጣ ይበልጥ ይነክሳል፤ ኬንት ያሳየችውም ይህንኑ ነው።

ቢላና ደም ይዛችሁ በምሽት ከመውጣታችሁ በፊት ለቀበሌውና ቅርብ ላለው ፖሊስ ጣቢያ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የደብዳቤው ቅጂ አብሯችሁ ይኑር። የሌሊት እንቅስቃሴ ገደብ ባለበት ጊዜ የቤት ውስጥ ፊልም ምረጡ። በመድረክ የሠሩ ተዋንያን ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ሰዓት ድምፃቸውንና ፊታቸውን ዝቅ በማድረግ ላይ አጥፉ፤ ለመጨረሻው ረድፍ የተለመደ ዓይን ከ40 ሴንቲ ሜትር ሲቀረጽ ይጮኻል።

ሥራው ሲያልቅ ሙዚቃው የራሳችሁ ወይም የተፈቀደላችሁ ይሁን፤ ብዙ ውድድሮች ፈቃድ የሌለው ሙዚቃ ያለበትን ፊልም አይቀበሉም። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለውንና የሌለውን ለየብቻ አውጡ። ጥሬውን ቀረጻ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት ቤት አስቀምጡ። ፊልሙን ለማንም ከመላካችሁ በፊት ግን የረጅሙን ፊልም ቢያንስ የአምስት ገጽ ማጠቃለያ ጻፉ፦ ያቺ እናት ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው ያልሆነችው፣ ልጅቱ ማወቋን እስከ መቼ ትደብቃለች፣ ነገ ጠዋት ቡናውን ማን ያፈላል፣ እትዬ ከዚያ ቤት ስትወጣ ምን አይታ ነበር።